የውርጭ እንግዳ

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ጎጆ በምትባል የደጋ ከተማ ዳር፣ የገብሱ ማሳ አልቆ ደኑ በሚጀምርበት ቦታ፣ በእናቴ አባት ቤት ነበር። ጎጆን የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ከእኛ ወደ አምቦ የሚወርድ ሰው ገና መንገድ ላይ ጋቢውን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ያስገባል፤ ሲመለስ ደግሞ ከመኪናው ሳይወርድ ይከናነባል። እናቴ ጤና ጣቢያ ነርስ ስለነበረች፣ ተረኛ በሆነች ቁጥር ቤቱ ለእኔና ለአያቴ ይቀራል። አያቴን የምጠራቸው «አካኮ» እያልኩ ነበር፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ሰፈሩ «ኦቦ ዳባ» ይላቸዋል፤ እኩዮቻቸው ግን ሊያሾፉባቸው ሲፈልጉ «አዳኙ» ይሏቸው ነበር።

እውነትም በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ። እኔ ስደርስባቸው አደን ከተከለከለ ቆይቷል፤ እሳቸውም ጌታን ተቀብለው፣ ማለዳ መዝሙር እየዘመሩ የሚነሡ ሽማግሌ ሆነዋል። ጦራቸው ግን ጫፏ በቆዳ እንደተጠቀለለ ከበሩ ጀርባ ቆማ ነበር። አንድ ጎረቤት አይቷት «ኦቦ ዳባ፣ ይቺን ብረት ለምን አይሸጧትም?» ሲላቸው፣ «ጡረታ ወጥታለች እኮ፤ ጡረተኛ ይሸጣል እንዴ?» ሲሉት ትዝ ይለኛል።

ያኔ ማታ ማታ፣ እራት በልተን፣ እናቴ ካለች እሷ፣ ከሌለች እሳቸው ጸልየው ሲያበቁ፣ ከእሳቱ አጠገብ እንቀመጣለን። መብራት ገብቶ ነበር፤ ግን የሚጠፋበት ቀን ከሚበራበት ስለሚበዛ፣ ቀኑን ፀሐይ ላይ የዋለችው ትንሿ የሶላር መብራት ምሰሶው ላይ ትሰቀላለች። አካኮ ተረት ሲጀምሩ እሷንም ያጠፏታል። «ተረት በፍም ነው የሚታየው» ይሉኛል። የባሕር ዛፍ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ፍሙ አንዴ እየቀላ አንዴ አመድ እየለበሰ፣ የእሳቸው ፊት ግማሹ ብርሃን ግማሹ ጨለማ ሆኖ፣ እኔ ጉልበቴን አቅፌ አዳምጣለሁ። ለሰሚ ያወጡት አንድ ሕግ ነበራቸው፤ አንድ ነገር ተናግረው ባሳረፉ ቁጥር «ኤዬ» ማለት አለብኝ። አዎ፣ እየሰማሁ ነው ማለት ነው። «ኤዬ» ካላልኩ ተረቱ እዚያው ላይ ይቆማል። «ብቻውን የሚያወራ እብድ ነው፤ እኔ ደግሞ ገና ነኝ» ይላሉ። ስለዚህ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ «ኤዬ» እላለሁ፤ እሳቸውም ያውቁብኛል፤ አውቀውም ይቀጥላሉ።

ብዙ ተረት ነግረውኛል። ከውስጤ አልወጣ ያለው ግን አንዱ ነው፤ ውርጭ በወረደ ቁጥር የሚነግሩኝ።

ድሮ ሰውና የዱር እንስሳ ውል ነበራቸው። ዓመቱን ሙሉ አዳኝ ያድናል፣ ድኩላም ይሮጣል፤ የቻለ ይይዛል፣ የቻለ ያመልጣል፤ በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም። ውርጭ ወርዶ ሣሩን ሲያቃጥለው፣ የቁጥቋጦው ቅጠል ጠቁሮ ሲረግፍ ግን፣ አዳኝ የጦሩን ጫፍ በቆዳ ጠቅልሎ ከበር ጀርባ ያቆማል። በውርጭ ከደን የወጣ ድኩላ ሌባ አይደለም፤ ቸግሮት ነው የመጣው፤ ቸግሮት ደጅ የመጣ ደግሞ እንግዳ ነው። አንድ አዳኝ ይህን ውል አፈረሰ። ደጁ ድረስ የመጣችን የከሳች ድኩላ፣ መሮጥ አቅቷት ቆማ ስታየው፣ ወጋት። ሥጋዋን ይዞ ገባና እሳት አነደደ። እሳቱ ነደደ፣ አበራ፣ ጨሰ፤ ግን አላሞቀውም። እንጨት ጨመረ፤ አላሞቀውም። ጎረቤት ሄዶ ተቀመጠ፤ ጎረቤቶቹ ሙቀቱ በዝቶባቸው ጋቢያቸውን ሲያወልቁ እሱ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትኛውም እሳት ያበራለታል እንጂ አያሞቀውም።

አካኮ እዚህ ሲደርሱ ሁለት እጃቸውን ወደ ፍሙ ይዘረጉና «እኔን ግን ያሞቀኛል» ብለው ይስቃሉ። እኔም እጄን ዘርግቼ «እኔንም!» እላለሁ። የተረቱ መዝጊያ ይኸው ነበር። ሁለታችንም መሞቃችንን አረጋግጠን እንተኛለን።

ሌላም የአዳኝ ወግ ያጫውቱኝ ነበር። ከባድ ውርጭ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞቱት ግልገሎቹና ያረገዙት ናቸው። በዚያን ጊዜ አንዲት እናት የገደለ ሦስት ገደለ፤ እሷን፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን፣ ከኋላዋ የሚከተለውን። እንደዚያ ያደረጉ አዳኞች ከዚያ በኋላ ዓመታት ደኑን ቢያስሱ ዱካ አያገኙም ነበር ይላሉ። ሥጋ ሲካፈሉም መጀመሪያ ድርሻ የሚሰጠው ለወጋው ሳይሆን አውሬውን አይቶ ላሳየው ሰው እንደሆነ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። «ዓይን ባያሳይ እጅ ምን ይወጋል?» ይሉ ነበር። ያኔ ይህን ስሰማ ብልህ ሕግ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

አካኮ የሚያወሩትን የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ገብስ ሲታጨድ በደኑ በኩል ያለውን ቀጭን ጥግ ሳያሳጭዱ ይተዉታል። አጫጆቹ «ኦቦ ዳባ፣ ይቺን ረሷት?» ሲሉ፣ «የጎረቤት ድርሻ ናት» ይላሉ። እዚያ ጥግ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ውርጭ ሲጠና፣ ማለዳ ማለዳ የጎመን ቅጠልና ለገበያ የማይሆን ደቃቅ ድንች ይዘው ይሄዱና ድንጋዩ ላይ ያፈሱታል። ከዚያ በከዘራቸው ድንጋዩን ሦስት ጊዜ ይመታሉ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ወደ ኋላቸው ሳያዩ ይመለሳሉ። ለምን እንደሚመቱት ስጠይቃቸው «እኔ መሆኔን እንዲያውቁ ነዋ፤ ሰው በር ሳያንኳኳ ይገባል?» አሉኝ።

አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ የመጣው ውርጭ ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ክረምቱ ቀድሞ ወጣ። ኅዳር ገና ሳይጋመስ፣ ማለዳ ስንነሣ መሬቱ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። መጀመሪያ ላይ እኛ ልጆች ደስ ብሎን ላዩ ላይ እየተንሸራተትን ተጫወትንበት። ሳምንት ሳይሞላ የሰፈሩ የመስኖ ድንች በሙሉ ጠቆረ፤ ቅጠሉ ሲነካ እንደተቀቀለ ጎመን እጅ ላይ ይቀራል። ትልልቅ ሰዎች ማሳቸው ዳር እየቆሙ ሳይነጋገሩ ይመለሱ ነበር። ያን ዓመት እናቴ ከአምቦ ቢጫ ቦቲ ገዝታልኝ ነበር፤ የግራው ተረከዝ ሲቀደድ አካኮ ቢላ እሳት ውስጥ አግለው፣ ፕላስቲኩን አቅልጠው ጠገኑልኝ። ጠባሳው እንደ ትል ተጣሞ ቀረ። አዲስ ጫማዬ በመበላሸቱ አለቀስኩ፤ እሳቸው ደግሞ «አሁን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ሆነ፤ ማንም አይሰርቅሽም» ብለው አጽናኑኝ።

ደኑም ተቃጠለ። ሣሩ ነጣ፤ ቁጥቋጦው ጠቁሮ ረገፈ፤ ድኩላዎቹም ወረዱ። እስከዚያ ድረስ ድኩላ ማለት ለእኔ አመሻሽ ላይ ከደኑ ውስጥ እንደ ውሻ የሚጮህ ድምፅ ነበር። ያን ዓመት በዓይኔ አየኋት። አንድ ማለዳ አካኮ በጋቢያቸው ጠቅልለው አጥሩ ጥግ አስቀመጡኝ፤ ድንጋዩን መትተው መጡና አጠገቤ ቁጭ አሉ። ከደኑ ጫፍ አንገቷ ብቅ አለ። ሴት ናት፤ ቀንድ የላትም፤ ቡናማ ሆና ጎኗ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለባት፤ አጥንቷ ይቆጠራል። ከኋላዋ ጆሮው የሚበዛበት አንድ ግልገል ቆሟል። አንድ እግሯን ታነሣለች፤ ትቆማለች፤ ጆሮዋን ታዞራለች፤ ደግሞ ሌላ እግሯን ታነሣለች። ድንጋዩ ጋ እስክትደርስ እግሬ ደነዘዘ። ከዚያ በላች። ከአፍንጫዋ የሚወጣው እንፋሎት ይታየኝ ነበር።

አካኮ በጆሮዬ «ኢንተላ ኮ፣ ይህን ለማንም እንዳታወሪ» አሉኝ። ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «እንግዳ ያለበት ቤት ወሬ አያበዛም።»

እኔም በእናቴ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በራሳቸውም ሳይቀር ማልኩ። እኛ እንዳንምል የተማርን ሰዎች ነን፤ መሐላ ማብዛቴ ሊያስጠረጥራቸው ይገባ ነበር።

ለሁለት ሳምንት ያህል አፌን ያዝኩ። ክፍል ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጠው ሌንሴ የምትባል ልጅ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ገመቹ አዲስ አበባ ሠርቶ የተመለሰ ጎረምሳ ነው፤ በጣት የሚነካ ስልክ ይዞ መጥቷል። በዚያ ስልክ የተነሣ ሌንሴ የክፍሉ ንግሥት ሆነች። ዛሬ አንበሳ አየሁ፣ ዛሬ ዓሣ ነባሪ አየሁ ትላለች፤ ልጆቹም አፋቸውን ከፍተው ይሰሟታል። እኔ የማወራው አልነበረኝም። ነበረኝ እንጂ፤ ግን ማውራት አልችልም። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ስለ አንበሳዋ ስታወራ ድንገት «እኛ ቤት ድኩላ መጥታ ቁርስ ትበላለች» አልኩ። ሳቁ። «ውሸታም» አለችኝ ሌንሴ። ሁሉም «ውሸታም፣ ውሸታም» እያሉ ዙሪያዬን ዞሩ። እውነት ተናግሬ ውሸታም መባሌ አንገበገበኝ፤ ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ድንጋዩን፣ ጎመኑን፣ ሦስቱን ምት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን ሲያመልጠኝ አውቄዋለሁ።

በማግስቱ ገመቹ ራሱ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀኝ። ሰላምታውን እንደ ትልቅ ሰው አደረገልኝ።

«ቢፍቱ፣ ሌንሴ የነገረችኝ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ፎቶ ላንሣት። ፎቶውን ለክፍልሽ ልጆች በሙሉ አሳያቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ውሸታም ይልሻል?»

«ውሻ ይዘህ አትመጣም አይደል?» አልኩት።

«ውሻ ፎቶ ያነሣል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ይህን መጠየቄን ልብ በሉልኝ። ገመቹ ሁለት ውሾች እንዳሉት አውቅ ነበር። ለምን እንደጠየቅኩትም አውቅ ነበር። እሺም እምቢም እንዳላለኝ ያኔውኑ ገብቶኛል። ሰው ልጅነቱን እያነሣ «አላወቅሁም ነበር» ሲል ስሰማ እቀናበታለሁ። የእነ ሌንሴ ድንችም ሙሉ በሙሉ መጥቆሩን፣ ቤታቸው ውስጥ የሚበላ ነገር እየሳሳ መሆኑን አውቅ ነበር። ብቻ ያ ፎቶ ዓይኔ ላይ ሄደ።

ከሁለት ቀን በኋላ አካኮ ጉንፋን ጠናባቸውና ተኝተው ዋሉ። እናቴ ለሌሊት ተረኝነት ስትወጣ «አባ፣ ነገ ማለዳ ከዚህ ቤት ንቅንቅ እንዳይሉ» ብላ አስጠነቀቀቻቸው። «እሺ፣ ነርስ» አሏት። እሷ ስትወጣ ወደ እኔ ዞረው «ነገ እንግዶቻችን ጾማቸውን መዋላቸው ነው» አሉና ሳሉ። ድንገት ዕድል የተከፈተልኝ መሰለኝ። ሳይመሽ ሌንሴ ቤት ሮጬ ሄጄ «ነገ ማለዳ፤ አካኮ አይወጡም» አልኳት።

ማለዳ ስነሣ አካኮ ያንኮራፋሉ። ቦቲዬን በእጄ ይዤ በጓሮ በር ወጣሁና ደጅ ላይ አጠለቅሁት። መሬቱ ነጭ ነበር፤ በረገጥኩ ቁጥር ከሥሬ ቀሽ ቀሽ ይላል። ገመቹና ሌንሴ አጥሩ ሥር ቆመዋል። ገመቹ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ዙሪያውን አየሁ፤ ውሻ የለም። እፎይ አልኩ። ጎመኑን ድንጋዩ ላይ አፈሰስኩ። የአካኮን ከዘራ መንካት ስላልደፈርኩ ከመሬት አንዲት ጠጠር አነሣሁና መታሁ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

መጣች። በእኔ ምት መጣች። እንደ ሌላው ቀን እግሯን እያነሣች አልቆመችም፤ ርቧት ስለነበር ቀጥ ብላ ነው የመጣችው። ግልገሉ ደኑ ጫፍ ላይ ቀረ። ድንጋዩ ጋ ደርሳ አንገቷን ስትደፋ ኩራት ልቤን ሞላውና «አየሽ?» ልላት ወደ ሌንሴ ዞርኩ። ገመቹ ስልኩን ኪሱ ከትቶት ነበር። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ አድርጎ አፏጨ። ከማሳው በታች፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣ ሌላ ጎረምሳ ውሾቹን ይዞ ቆሞ ኖሯል።

ለመሮጥ ሞከረች። በደህናው ጊዜ ቢሆን ኖሮ ደን ከገባች የሰፈር ውሻ አይደርስባትም፤ አካኮ ስንት ጊዜ ነግረውኛል። ያን ዕለት ግን ጥቂት እርምጃ ሄዳ እግሯ ከዳት። የቀረውን አልጽፈውም። አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ድምፁ አመሻሽ ላይ የማውቀው ጩኸት አልነበረም። ሌንሴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ሸሸሁ።

የውሾቹ ድምፅ አካኮን ቀስቅሷቸዋል። እሳቸው እየሳሉ በፊት በር ሲወጡ እኔ በጓሮ በር ገባሁ። ቦቲዬን በሩ ሥር አውልቄ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቀለልኩ። ባዶ መኝታዬን ሳያዩ የወጡ መሰለኝ፤ እንዲመስለኝ ፈለግሁ። ውጭ ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ መጥተው ራስጌዬ ላይ ቆሙ። ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ይሰማኛል። እኔ ደግሞ እንደተኛ ሰው ረጅም ረጅሙን እተነፍሳለሁ። ከዚያ ሄደው እሳቱን መቆስቆስ ጀመሩ።

በማግስቱ ሌንሴ ከደብተር ቦርሳዋ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ሰጠችኝ። ዓይኗ አብጦ ነበር። «ገመቹ ነው የላከልሽ» አለችኝ። «ያሳየ ሰው ድርሻ አለው ብሏል።» ለክፋት አልነበረም። በአባቶች ወግ ትክክል ነበር፤ ሊያከብረኝ ነው የላከው። አልፈልግም ማለት ሲገባኝ ተቀበልኩ። ቀኑን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ተማርኩና ወደ ቤት ስመለስ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ውስጥ ጣልኩት። የሒሳብ ደብተሬን ደም ነክቶት ነበር። ገጹን ቀደድኩት፤ ከሥሩ ያለውንም ነክቶታል፤ እሱንም ቀደድኩ። ከዚያ ወዲያ ውሸታም ብሎ የጠራኝ ልጅ የለም።

ያን ዕለት ማታ አካኮ፣ ከእሳቱ አጠገብ የማትለየውን ባለ ሦስት እግር በርጩማቸውን አንሥተው በሩ አጠገብ፣ ንፋስ በሚገባበት በኩል አስቀመጧት። የእሳቸውን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ። «ጭሱ ሳሌን አባሰብኝ» አሉ። እናቴ ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። እኔም ሄጄ ተቀመጥኩ። ቦታው ሞቃት ነበር።

ከዚያ ያንኑ ተረት ጀመሩ። እኔም «ኤዬ፣ ኤዬ» እላለሁ። ውሉን ነገሩኝ፤ ውርጩን፣ የከሳችውን ድኩላ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን ተረቱ ሌላ ሆነ። የወጋት ጎረምሳ ነው አሉ፤ ጎረምሳ ውል መኖሩን የነገረው የለም፤ ርቦትም ይሆናል። እሷን የገደላት በየማለዳው ያበላት ሽማግሌ ነው። ሰውን እንዳትፈራ ያስተማራት እሱ ነው። ስለዚህ እሳቱ ማሞቅ የተወው ሽማግሌውን ነው።

እዚህ ላይ ዝም አሉ። ከዘራቸውን በመዳፋቸው መሐል እያሽከረከሩ አዩኝ፤ ቆዩ። እኔ «ከዚያስ፣ አካኮ?» አልኩ።

«ከዚያማ ተኚ» አሉኝ።

እጃቸውን ወደ ፍሙ አልዘረጉም። እኔም «እኔንም» አላልኩም።

ድንጋዩ ላይ ጎመን ማኖር አልተዉም፤ መምታቱን ግን ተዉት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ ራሳቸው አንድ ቀን «ይብሉ፤ ግን አይመኑን» አሉ። ግልገሉ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። አመሻሽ ላይ ከደኑ የሚሰማው ጩኸት ያን ዓመት ሳስቶ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ጨርሶ አይሰማም። ያኔ አካኮ አንገታቸውን ወደ ደኑ ቀና አድርገው ይጠብቃሉ፤ እኔ የማጠናው ደብተር እፈልጋለሁ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ውርጭ አብረን አሳለፍን። በየዓመቱ ተረቱን በአዲሱ መጨረሻ ነገሩኝ። በየዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው ያዩኛል፤ እኔም «ከዚያስ?» እላለሁ። ትንፋሽ ያጠራቸው፣ ያረጁ፣ የተረቱ መጨረሻ የጠፋባቸው ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ ነገሩ ምላሴ ጫፍ ድረስ ይመጣል። ነገ እላለሁ። ሽማግሌ ያላጠፉትን ጥፋት ሲሸከሙ ፊት ለፊት እያየሁ፣ «እርስዎ አይደሉም፤ እኔ ነኝ» የሚሉ አራት ቃላት ከአፌ አልወጣ አሉ። ለሌንሴ የወጣ አፍ ለአካኮ ተዘጋ። በርጩማዋ በሩ ጋ ቀረች፤ እኔ እሳቱ ጋ። ለመምህርነት ሥልጠና አምቦ ስወርድ ቀለለኝ፤ ውርጭ በሌለበት አገር ተረቱን የሚያነሣ የለም።

ያረፉት በሰኔ ነው፤ ጭቃው እስከ ጉልበት በሚይዝበት ጊዜ። ለቀስተኛ ሁሉ ሄዶ ከእናቴ ጋር ብቻችንን ስንቀር፣ በሩ አጠገብ ያለችውን ባዶ በርጩማ አይቼ አልቻልኩም።

«እማ፣ ያቺን ድኩላ ያስገደልኳት እኔ ነኝ» አልኳት።

የምታጥፈውን ጋቢ አላስቀመጠችም። «ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለችኝ። «ለሳቸው ነበር እንጂ።»

«አያውቁም ነበር እኮ። ራሳቸውን ነበር የሚወቅሱት።»

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። ያን ማለዳ ከሥራ ስትመለስ አካኮን እሳቱ አጠገብ አግኝታቸው ነበር፤ የግራ ቦቲዬን ገልብጠው ተረከዙን እያዩ። ውርጩ ላይ የታተመ ዱካ አንብበው ነው የተመለሱት። «እኔ የጠገንኩት ተረከዝ ነው» አሏት። «ከጓሮ በር ተነሥታ፣ አጥሩ ሥር ከሁለት ሰው ጋር ቆማ፣ ድንጋዩ ጋ ሄዳለች፤ ከዚያ ሮጣለች።» እናቴ ልትቀሰቅሰኝ ስትነሣ እጇን ያዟት።

«‹እንዳትጠይቂያት› አሉኝ» አለች እናቴ። «‹ራሷ ትንገረኝ። እስከዚያ እሳቱ አጠገብ እሷ ትቀመጥ፤ ልጅ ናት፣ እንዳይበርዳት። የነገረችኝ ቀን ቦታዬን እመልሳለሁ።›»

ስምንት ዓመት። ዕድሜያቸውን በሙሉ ዱካ ሲያነብቡ የኖሩ ሰው የእኔን ዱካ አላዩም ብዬ ማመኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ዝምታቸው መርሳት አልነበረም፤ ለእኔ የተከፈተ በር ነበር፤ እኔ ደግሞ በየዓመቱ «ከዚያስ?» እያልኩ እዘጋው ነበር። አንድ ማታ፣ አንድ ብቻ፣ ደፍሬ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው ተነሥተው እሳታቸው ጋ ይመለሱ ነበር። በድኩላዋ ነገር ልጅ ነበርኩ ብዬ ለራሴ ልከራከር እችላለሁ። ለበርጩማዋ ግን መከራከሪያ የለኝም፤ ስምንተኛው ዓመት ላይ ልጅ አልነበርኩም።

ዛሬ እንጭኒ በምትባል ሌላ የደጋ ከተማ አስተምራለሁ። ውርጭ ሲወርድ፣ ተማሪዎቼ እጃቸውን እያፋተጉ ሲገቡ፣ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ለተረት እተውላቸዋለሁ። «ኤዬ» እንዲሉ አስተምሬያቸዋለሁ። ተረቱን የምነግራቸው በሦስተኛ መጨረሻ ነው። አንዲት ቢጫ ቦቲ ያደረገች ልጅ ድንጋዩን ትመታለች። ሽማግሌው ዱካዋን አይቶ በርጩማውን በሩ ጋ ያደርጋል። እሷ ሳትናገር ታድጋለች። ይህን ስናገር ወደ መስኮቱ አያለሁ፤ ልጆቹ ግን ልጅቷ ማን እንደሆነች ሳይጠረጥሩ አይቀሩም።

በቀደም አንዲት የፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ልጅቷንስ? እሷን እሳቱ ያሞቃታል?»

«ያሞቃታል» አልኳት። «በእሷ ፈንታ የበረደው ሰው ስላለ ነው።»